ያጋደሉት ካሬዎች

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም። ይህን ስላችሁ ዝም ብላችሁ ካመናችሁኝ ግን ለእናንተ እሰጋለሁ። ሰው ሳይጠየቅ እንዲህ ብሎ ወሬ ሲጀምር «ምን ሊደብቅ ነው?» ማለት የአባት ነው።

ጥፋቱ የሙያዬ ነው። ጊንጆ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ይዤ ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮና ሪሲቨር እጠግናለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብሎ ዕቃ አምጥቶልኝ አያውቅም። ሁሉም የሚለኝ «ምንም አልነካሁትም፣ ዝም ብሎ ጠፋ» ነው። እከፍተዋለሁ፤ ውስጡ ሻይ አለ። ከነስኳሩ። አንዲት ሴትዮ «ከተገዛ ጀምሮ ከቦታው ተነስቶ አያውቅም» ያለችኝን ሬዲዮ ስከፍተው እንሽላሊት ከነልጆቿ ቁጭ ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት፤ የደነገጥኩት ግን እኔ ነኝ። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የሸበተ ሰው፣ ጎረቤቱ «እንደምን አደርክ?» ሲለው ነገሩን ገልብጦ ከጀርባው ምን እንዳለ ቢያይ አይፈረድበትም።

ከጥገናው በፊት ደግሞ ቲቪ ጌም ቤት ነበረኝ። አንዲት ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ አንድ ወፍራም መጋረጃ። የጌሙ ካሴት አልነሳ ሲል አፍ ላይ አድርገን እፍ እንልበታለን፤ ይነሳል። ለምን እንደሚነሳ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነኝ እያልኩ። በዚያ ጌም ውስጥ ያለው ሥዕል ሁሉ በካሬ የተሠራ ነው። ሰው ካሬ፣ ደመና ካሬ፣ እሳት ካሬ። የዛሬ ልጆች ያንን ካሬ ፒክስል ይሉታል። እኛ ስም አላወጣንለትም ነበር። ቀኑን ሙሉ ስናየው ስለምንውል ዓይናችንን ስንጨፍን እንኳ አይጠፋም ነበር። እኔ በዚያ ዘመን ሕልሜን ያየሁት በካሬ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እህቴ እትዬ ወርቅነሽ አንዲት ልጅ አለቻት፤ ቤዛዊት ትባላለች። አባቷ ትንሽ ልጅ ሆና ነው ያረፈው። እኔ በእህቴ ግቢ ስለምኖር የአባት ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እናም ባለፈው ዓመት ለቤዛዊት ሰርቦ ከምትባለው ጎረቤት ከተማ ሽማግሌ ተላከ። ልጁ ገመቹ ይባላል፤ የመምህር ልጅ ነው፤ ሰርቦ አካባቢ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ይሠራል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አፈ ጉባኤያቸው የገመቹ ወላጆች ጎረቤት የሆኑት፣ ጢማቸው ነጭ፣ አነጋገራቸው ረጋ ያለ አባ ዱራ ናቸው። እኛም እንደ ወጉ በመጀመሪያው ቀን እሺም እምቢም አላልንም። «እንመካከርበት፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱልን» አልናቸው።

ይህቺ ሁለት ሳምንት ምን እንደምትሠራ ታውቃላችሁ። በእሷ ውስጥ የሚመካከር ሰው የለም፤ የሚያጣራ እንጂ። እህቴም ሽማግሌዎቹን ሸኝታ እንደተመለሰች ወደ እኔ ዞራ «አንተ አጣራ። እሺ ካልክ እሺ፣ እምቢ ካልክ እምቢ» አለችኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥልጣን ተሰጥቶኝ አያውቅም። ቤዛዊት በበኩሏ «ከእሱ ሌላ አላገባም» ብላ ለእናቷ ነግራታለች። የሁለት ሰው ኑሮ እኔ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ ያደረግሁትን ስሙ።

በሦስተኛው ቀን ቤዛዊት ከሥራዋ ወጥታ ሱቄ መጣች። የምትሠራው ባነር ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥዳ የሠርግ፣ የምረቃና የሐዘን ባነር ስታሰናዳ ትውላለች። ይህን ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ አላልኩትም።

«ጋሼ፣ ይሄን ገመቹ ለእርስዎ ብሎ የሠራው ነው» አለችኝ ስልኳን እያቀበለችኝ። «ራሱ በእጁ። እሱም እንደ እርስዎ ቲቪ ጌም ይወዳል። ልጅ ሆኖ ሰርቦ ጌም ቤት ውስጥ ነው ያደገው።»

ሁለት ደቂቃ የማትሞላ የአኒሜሽን ፊልም ናት፤ እንደ ድሮ ጌም ተደርጋ የተሠራች። አንድ የካሬ ሰውዬ ከሰርቦ ይነሳል። በቡና ዛፎች ላይ እየዘለለ ቀይ ፍሬ ይለቅማል። ከዚያ ባጃጅ ይሳፈራል፤ ባጃጇ ድንጋይ መትታ ትገለበጣለች፤ ሰውየው ተንከባሎ ይነሳና አቧራውን አራግፎ ጊንጆ አንድ ሰማያዊ በር ጋ ይደርሳል። ሰማያዊ በር የእኛ በር ነው። በሩ ይከፈታል። ባለ ጥበብ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ቆማለች። ከሁለቱ መሃል አንዲት ልብ ወደ ላይ ትወጣለች። አለቀ።

ሌላ አጎት ቢሆን እዚህ ጋ እንባውን ይጠርጋል። እኔ ግን «ባጃጇን መልሺልኝ» አልኩ።

«ምኗን ጋሼ?»

«ስትገለበጥ። እዚያ ጋ አቁሚው።»

አቆመችው። መነጽሬን አደረግሁ። ባጃጇ በጎኗ ልትወድቅ ስትል፣ የተሠራችባቸው ካሬዎች አብረዋት አጋድለዋል! እያንዳንዱ ካሬ በማዕዘኑ ቆሟል። እናንተ «ታዲያ ምን አለበት?» ትሉ ይሆናል፤ ጌም ቤት ስላልነበራችሁ አልፈርድባችሁም። በድሮው ማሽን ካሬ አያጋድልም። ሰውየው ቢወድቅ፣ ቢሞት፣ ከገደል ቢንከባለል ካሬዎቹ ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት። ማሽኑ ሥዕል ማሽከርከር የሚባል ነገር አያውቅም። የተገለበጠ ባጃጅ ካስፈለገ የተገለበጠ ባጃጅ ከመጀመሪያው በቀጥ ያለ ካሬ ይሳላል። ጌም ቤት ያደገ ሰው ያጋደለ ካሬ ሲያይ ጥርሱን ያመዋል። ይሄን ፊልም የሠራውን ግን አላመመውም።

«ቆንጆ ነው» አልኳት ቤዛዊትን። «ወደ እኔ ስልክ ላኪልኝ።» ፊቷ በደስታ በራ። ወድጄው መስሏት ነው።

በዚያ ቀን ፊልሙን አሥራ አንድ ጊዜ አየሁት። በየጊዜው አዲስ ጉድ ይወጣል። ሰውየው የተሠራው በትልልቅ ካሬ ነው፤ ልቧ ግን በደቃቃ ካሬ። አንድ ማሽን፣ ሁለት ዓይነት ካሬ! ይህ አንድን ግድግዳ ግማሹን በብሎኬት ግማሹን በኩብ ስኳር እንደመሥራት ነው። ሰማዩ ሲመሽ ከብርቱካንማ ወደ ሐምራዊ ሳይታወቅ ይቀልጣል፤ የድሮው ማሽን ሰማይ ይቀልጣል እንዴ? አንድ ቀለም ነው፣ አለቀ። የልጅቷ ቀሚስ ጥበብ ላይ ብቻ አሥራ ሁለት ቀለም ቆጠርኩ። በድሮው ማሽን ለአንድ ሰው የሚፈቀድለት ሦስት ቀለም ነው፤ ጀግናው ራሱ ፀጉሩና ጫማው አንድ ቀለም ይካፈሉ ነበር፤ እሷ ማን ሆና ነው? አሥራ አምስት የቡና ፍሬ በአንድ መስመር ተሰልፎ አንዱም አይርገበገብም። ድሮ ዕቃ በአንድ መስመር ከበዛ ማሽኑ ይጨናነቅና ይርገበገባል፤ ልጆቹ «ደከመው» ይሉ ነበር። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ደግሞ ጭራሹን ከካሬ አልተሠራም፤ ለስላሳ ፊደል ነው፣ ከተማው ውስጥ ባነር ሁሉ ላይ የማየው ዓይነት። «ከባነር ላይ ገልብጦታል፣ ሌባ» ብዬ ጻፍኩ። አዎ፣ መጻፍ ጀምሬ ነበር።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። በፊልሙ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ተጋድሟል፤ ጠርዙ ተንጋዷል፤ አልፎ አልፎ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ አሮጌ ቴሌቪዥን ለማስመሰል ሆን ተብሎ የተጨመረ ብልሽት! እኔ ያንን መስመርና ያንን መንቀጥቀጥ ለማጥፋት ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ይሄ ሰው ተቀምጦ፣ አስቦበት፣ ጨምሮበታል።

ድምዳሜዬ በራሱ መጣ። ይህ ሰው ጌም ቤት አላደገም። ስለዚህ ዋሽቷል። ገና ሳያገባ በካሬ የሚዋሽ ሰው፣ ካገባ በኋላ በምን ሊዋሽ ነው?

ለእህቴ በምሳ ሰዓት አቀረብኩላት።

«አጣርተሃል?» አለችኝ።

«በሚገባ።»

«ይጠጣል?»

«አላውቅም።»

«ይማታል? ሌላ ሴት አለችው?»

«እትዬ፣ ካሬ ያጋድላል።»

እህቴ እጇን ጉርሻው ላይ እንዳደረገች ቀረች። «ምን ያደርጋል?»

አስረዳኋት። እንጀራ ቆራርሼ ሁሉ አሳየኋት፤ አንዱን ቁራሽ ቀጥ አድርጌ፣ አንዱን አጋድሜ። «አንተ ልጅ ጤና የለህም» አለችና ሁለቱንም በላቻቸው። ቤዛዊት ከጎናችን ነበረች። «የሆነስ ሆነና» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንድትሰማልኝ ብዬ፣ «ይሄን የሠራ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጆይስቲክ ጨብጦ አያውቅም። በእጁም የሠራው አይመስለኝም፤ በክርኑ ነው። ዓይኑም ቢታይለት ጥሩ ነው።»

ቤዛዊት ፊቷ ቀላ። ምግቡን ትታ ተነሳች። «አየሽ?» አልኳት ለእህቴ፤ «ፍቅር እንዲህ ነው። እውነት ያማታል።» በየቀኑ አዲስ ስህተት ባገኘሁ ቁጥር ለእሷ ማንበብ ልማድ አደረግሁ። የሬዲዮ ውስጥ ዕቃ የማይበትን አጉሊ መነጽር ዓይኔ ላይ ሰክቼ በስልኩ ላይ ሳጉረመርም ስታየኝ ቆማ ትሰማኛለች። አንዳንዴም ትጠይቀኛለች። «ጋሼ፣ ድሮ ሰውየው እጁን ሲያወዛውዝስ ስንት ሥዕል ነው የነበረው?» «ሁለት!» እላታለሁ፤ «አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች። የእሱ ሰውዬ ግን እንደ ቅቤ ይፈስሳል።» ዓይኗ ስለ ተከፈተላት ደስ አለኝ።

አሁን የጎደለኝ የሰው ምስክር ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ሰርቦ ሄድኩ።

ሰርቦ ውስጥ በኦሮምኛም ጠየቅሁ፣ በአማርኛም ጠየቅሁ፤ «እዚህ ቲቪ ጌም ቤት ነበረ? ማን ማን ይገባ ነበር? የመምህሩ ልጅ ገመቹስ?» ደብተር ይዤ መዞሬ አልጠቀመኝም። ግብር ተማኝ መስያቸው ከፊቴ አንድ ሱቅ፣ ከኋላዬ ሁለት ሱቅ ተዘጋ። የተጠራጠሩኝ ሰዎች ላይ ግን ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም አከበርኳቸው። በመጨረሻ አንድ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ የስፌት መኪናቸውን አቁመው «አካም፣ ግባ» አሉኝ።

«ጌም ቤቱማ እዚሁ ከጎኔ ነበር» አሉ። «የመምህሩ ልጅ? እሱ ደጃፉን ረግጦ አያውቅም። አባትየው መቼ ይለቁታል? ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን።»

ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። «እርግጠኛ ነዎት?»

«ወላሂ። ግን ጥሩ ልጅ ነው እኮ። አምና እግሬ ሲሰበር እስከ ጤና ጣቢያ በጀርባው ተሸክሞ ነው የወሰደኝ።»

«ለምን ተሸከመዎት?»

«እግሬ ተሰብሮ ነዋ!»

«ከዚያስ ምን ጠየቀዎት?»

«ምን ይጠይቀኛል?»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ምንም አይጠይቅም» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ከዚያ በኋላ ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ስለ ገመቹ ጥሩ ነገር ነገሩኝ። ይህ ራሱ ደስ አላለኝም። ስለ አንድ ሰው ሰባት ሰው ጥሩ ከተናገረ ሰባቱንም ማጣራት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ የመመለሻው ሚኒባስ እየሞላ ነበር።

የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከቀትር በኋላ መጡ። እህቴ ዳቦ ቆርሳ ለስላሳ አቅርባለች። ቤዛዊት እንደ ወጉ ጓዳ ናት፤ ገመቹም እንደ ወጉ አይመጣም። አባ ዱራ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እንግዲህ በሰጣችሁን ቀጠሮ መሠረት…» ብለው ሲጀምሩ፣ እኔ ተነስቼ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት። ፊልሙን በፍላሽ ጭኜ አዘጋጅቼው ነበር።

ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን አስጠጉ። ያ የካሬ ሰውዬ በሳሎናችን ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ መዝለል ጀመረ።

«ይሄ ማነው?» አሉ አባ ዱራ።

«ገመቹ ነው አሉ» አልኩ።

«አፍንጫውስ?»

«አፍንጫ ካሬ ይፈጃል» አልኩና ማስረዳቴን ቀጠልኩ። በእስክሪብቶ እየጠቆምኩ ያጋደሉትን ካሬዎች አሳየኋቸው፤ ቀለም አስቆጠርኳቸው፤ የማይርገበገበውን ቡና አሳየኋቸው። አንደኛው ሽማግሌ አንቀላፉ። ሁለተኛው በጉዳዩ ተመስጠው «ታዲያ ይሄ በሽታው በዘር ይተላለፋል?» ብለው ጠየቁኝ።

አባ ዱራ ግን ባጃጇን ሦስት ጊዜ ካስደገሙኝ በኋላ «ወንድሜ» አሉኝ፤ «ባጃጅ ስትገለበጥ አይተህ አታውቅም? ወላሂ ታጋድላለች።»

«እውነተኛዋ ታጋድላለች! የውሸቷ ግን ማጋደል የለባትም!»

«የውሸቷ ከእውነተኛዋ ጋር ስለ ተመሳሰለች ነው የተቆጣኸው?»

ነገሩ እየተበላሸብኝ ሲመጣ የመጨረሻውን ጥይት አወጣሁ። ገመቹ ከመንገዱ ጫፍ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ መልስ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፤ ቀድሜ ወጥቼ አይቼዋለሁ። «ልጁ ይጠራ» አልኩ። እህቴ «ኧረ ወግ አይደለም!» አለች። «ይጠራ» አልኩ። ተጠራ።

በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ረጅም ልጅ ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እኔም ከጋዜጣ ውስጥ አንድ አሮጌ ጆይስቲክ አውጥቼ ሰጠሁት።

«ያዘው» አልኩት። «ጌም ቤት ያደገ ሰው ነህ አሉ። ሰውየው ሲዘል የቱን ነው የምትጫነው?»

ገመቹ ጆይስቲኩን ገልብጦ ያዘው። ገመዱ ወደ ሆዱ። ከዚያ በአውራ ጣቱ አንዱንም ሳይነካ «ከላይ… ያለውን?» አለ።

ያንቀላፉት ሽማግሌ ነቁ። እኔ ደብተሬን ዘርግቼ «ሰማችሁ!» አልኩ። «ሰርቦ ድረስ ሄጄ አጣርቻለሁ፤ ጌም ቤት ደጃፉን ረግጦ አያውቅም። ይሄ ሰው ዋሽቶናል። ለእህቴ ልጅ ውሸታም አልሰጥም!»

የጓዳው በር ተከፈተ። ቤዛዊት ወጣች።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች።

«ምኑን?» አልኩ። አሁንም አልገባኝም ነበር፤ እናንተ ግን ቀድማችሁኛል።

«ፊልሙን። እሱን ‹እኔ ነኝ የሠራሁት› በል ያልኩት እኔ ነኝ። ጌም የሚወድ ሰው ከሆነ ጋሼ አይጠሉትም ብዬ ነው።»

«አንቺ? አንቺ መቼ ጌም…»

«በር ላይ ቆሜ ነዋ፣ ጋሼ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ እርስዎ ጌም ቤት በር ላይ እቆም ነበር። ‹ሴት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች፣ ሂጂ እናትሽን አግዢ› ይሉኛል። እሄድና እመለሳለሁ። በመጋረጃው ጎን፣ በወንዶቹ ጭንቅላት መሃል፣ አንገቴን አጣምሜ ነው ያየሁት። ካሬው አጋድሏል ይላሉ፤ እኔ ሳየው ያጋደለ ነበር። ቀለሙ በዛ ይላሉ፤ ግማሹ አይታየኝም ነበር፤ ያልታየኝን ቤት ሄጄ በራሴ ቀለም እሞላው ነበር። ጆይስቲክ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ነው የሠራው ብለዋል። ልክ ነዎት። ጨብጬ አላውቅም።»

ይህን ስትል አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እኔ ደብተሬን አጠፍኩት። አፈርኩ፤ በሽማግሌ ፊት መዋረዴስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ቤዛዊት በሩ ላይ ቆማ የነበረችበትን አንድ ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። የካሴቶቹን ስም አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። የትኛው ካሴት በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆም አስታውሳለሁ። የእሷ ፊት ከበሩ ላይ ትዝ አይለኝም። ልጅቷን ያሳደግኋት እኔ ነኝ እል ነበር።

አባ ዱራ ወደ እህቴ ዞሩ።

«እመቤቴ፣ እኛ ስለ ልጁ ጠባይ ብዙ ልንነግራችሁ ተዘጋጅተን ነበር። አሁን ወንድምሽ ጨርሶልናል። ልጁ የዋሸው ሚስት የምትሆነው ‹እንዲህ በል› ስላለችው ነው። ሳይከራከር አለ። ሲመረመርም አላጋለጣትም፤ ላቡን እያፈሰሰ ጆይስቲኩን ገልብጦ ቆመ። ወላሂ፣ ከዚህ የተሻለ ባል ከየትም አታመጡም።»

እህቴ ወደ እኔ አየች። ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ እሺታዬን ትጠብቅ የነበረችው ለክብሬ ስትል ነው። አሁን ክብሬ ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ባየችው ጊዜ፣ ሳትጠይቀኝ «ሰጥተናል» አለች። ያንቀላፉት ሽማግሌ ከሁሉ ቀድመው አጨበጨቡ።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ቤዛዊትን ግቢው ውስጥ አገኘኋት። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ይህን ቃል በቅርቡ ለማንም ብዬው አላውቅም። «እሺ ጋሼ» አለችኝና ሳቅ ብላ ገባች። ያቺን «እሺ» ጠረጠርኳት። ደንበኞቼ ዕቃቸው እንደማይሠራ ስነግራቸው የሚሉኝ «እሺ» ትመስላለች።

ሠርጉ ጥር ላይ በአንድ አዳራሽ ሆነ። ምሳ ላይ መብራት ቀነስ ተደርጎ ፊልሙ በሸራ ላይ ታየ። ዓይኔን ተክዬ አየሁት፤ አንድም ነገር አላረመችም። ባጃጇ እንዳጋደለች፣ ሰማዩ እንደቀለጠ፣ ቡናው ሳይርገበገብ። የሰርቦ ሰው እያጨበጨበ ነው። አፌን ያዝኩ።

ከዚያ ሰውየው ጊንጆ ሲደርስ የማላውቀው ነገር መጣ። ከሰማያዊው በር በፊት ሌላ በር ታየ፤ መጋረጃ ያለው። በሩ ፊት አንዲት ሁለት ጉንጉን ያላት ትንሽ ልጅ ቆማለች፤ ደብተር አቅፋለች። በሩ ላይ አንድ ቦርጫም ሰውዬ አለ፤ እጁን ያወዛውዝባታል። ትሄዳለች። ትመለሳለች። ያወዛውዝባታል። ትሄዳለች። ትመለሳለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ግን ሰውየውን ነበር የማየው። ካሬዎቹ እኩል ናቸው። ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቀለሙን ቆጠርኩ፤ ሦስት። ፀጉሩና ጫማው አንድ ቀለም ይካፈላሉ። እጁ ሁለት ሥዕል ብቻ ነው፤ አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለፈልፍባት የሰማችውን ሁሉ ለእሱ ብቻ አውላዋለች። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና እንደገና አየሁት። በዚያ ሁሉ ፊልም ውስጥ ስህተት የሌለበት ሰው እሱ ብቻ ነው።

ዓይኔ እንባ ሞላ። አጠገቤ የተቀመጠው እንግዳ ቃሪያው አቃጥሎኝ መስሎት ውሃ አቀበለኝ። እኔም አዎ፣ ቃሪያው ነው አልኩት።